ይቺ ወፍ ማን ናት? ከብራዚል የተላከ ፎቶ ነው፣ ለጥልፍ ያስፈልገኛል

ጥልፍ_ደብረብርሃን፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ። ደብረ ብርሃን ነው ምኖረው፣ ስራዬ ጥልፍ ነው፣ የትራስ ልብስ የአልጋ ልብስ የሕፃን ማቀፊያ ምናምን በትእዛዝ እሰራለሁ። ወፍ የሚያውቅ ሰው ካለ በናታችሁ እርዱኝ።

ታላቅ እህቴ ብራዚል ሳኦ ፓውሎ ከገባች ስድስት አመቷ ነው፣ አሁን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሁለት ወር ነው የቀራት። ባለፈው ቅዳሜ ከባሏ ጋር ኡባቱባ የምትባል የባህር ዳርቻ ከተማ ሄደው ነበር፣ ያደሩበት ቤት ባለቤቶቹ ጠዋት ጠዋት ሙዝና ፓፓያ ቆራርጠው ጣውላ ላይ ያስቀምጣሉ አሉ፣ ወፎቹ ከጫካው እየወጡ ይበላሉ፣ ከነሱ አንዷን በስልኳ አንስታ ላከችልኝና "ለልጄ ማቀፊያ ይቺን ጥለፊልኝ፣ ጨርቁ ካገሬ ወፏ ካገሩ ትሁን" አለችኝ። ፎቶውን ያየሁ ለሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እንዲህ ያለ ቀለም በእድሜዬ ወፍ ላይ አይቼ አላውቅም።

ፎቶው አንድ ብቻ ነው፣ በጎን የተነሳ፣ ሲላክ ደሞ ጥራቱ ስለወረደ በቃል ልንገራችሁ። መጠኗ ድንቢጥ ብታክል ነው። ራሷ ውሃ ሰማያዊ፣ ማጅራቷ ላይ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ መብሰል የጀመረ ሎሚ የመሰለ ሰፊ ቀለም አለ፣ ከሱ ቀጥሎ ጀርባዋ ጥቁር፣ ጉሮሮዋም ላይ ጥቁር አለ፣ ደረቷ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ሆዷ ሲወርድ አረንጓዴ ይሆናል፣ ክንፏ ትከሻዋ ጋ ደማቅ ሰማያዊ ነው ከዛ ላባዎቹ ጥቁር ሆነው ጠርዛቸው አረንጓዴ። ከወገቧ በታች ግን ክንፏ ከድኖታል፣ ጅራቷ ደሞ ከፓፓያው ጀርባ ነው። እኔን የቸገረኝ እሱ ነው። ስሟን ካወቅኩ ሌሎች ፎቶዎች ፈልጌ ወገቧንም ጅራቷንም አያለሁ፣ ሳላውቅ ገምቼ ብሞላው ግን እዛ ያለ ሰው ሲያየው "ይቺ የኛ ወፍ አይደለችም" ይላል፣ እህቴን እንደዛ እንዲሏት አልፈልግም። ጎግል ላይ በፎቶው ስፈልግ ሶስት ጊዜ ሶስት የተለያየ ስም ሰጠኝ። አስራ አንድ ቀለም ክር ገዝቼ ጨርቁን ወጥሬ ቁጭ ብያለሁ።


ሸዋሮቢት_12፦

ይቺማ ቀላል ናት፣ ፓራዳይዝ ታናጀር ናት፣ ታናጀር የሚባሉት የአሜሪካ ባለቀለም ወፎች ናቸው። እኔ የስልኬ ስክሪን ላይ ሁለት አመት ሙሉ አስቀምጫታለሁ፣ አማዞን ጫካ ነው ያለችው፣ ሰማያዊ ሆድ ጥቁር ጀርባ አረንጓዴ ፊት። ወገቧ ላይ ቀይ ነው፣ በደማቅ ቀይ ክር ሙይው። እህትሽንም ማርያም ትቅረባት።


ጥልፍ_ደብረብርሃን፦

አሜን ወንድሜ አመሰግናለሁ። አሁን ስሙን ጽፌ አየኋት፣ በጣም ታምራለች ግን እንጃ፣ የሷ ፊት አረንጓዴው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ይመስላል፣ ማጅራቷ ደሞ ጥቁር ነው፣ የኔዋ ላይ ቢጫው ከሩቅ ይታያል። ጉሮሮዋም የዛችኛዋ ወይን ጠጅ ነው። ወንድና ሴት ሆነው ነው እንዴ ወይስ አንዷ ጫጩት ሆና ነው? ቀዩን ክር ልጀምር ብዬ ተውኩት።


አንኮበር_ገደል፦

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ልጄ፣ እንኳንም ቀዩን ተውሽው።

ብዙ ሰው ወፍ ሲጠይቀኝ "አንድ ቢጫ ወፍ አየሁ ምንድን ናት" ብሎ ያቆማል፣ አንቺ ግን ቀለሙ የት የት እንዳረፈ ነግረሽናል፣ የእጅ ስራሽ ዓይን ሰጥቶሻል። ወፍ የምትለየው ቀለሙ በየትኛው ቦታ ላይ እንዳረፈ ነው እንጂ ምን ምን ቀለም አላት በሚለው ብቻ አይደለም።

እኔ አንኮበር አካባቢ ለወፍ ብለው የሚመጡ እንግዶችን መንገድ ስመራ ብዙ አመት ሆኖኛል። ወፍ ፍለጋ ወደኛ መምጣት ድሮም ነበር፣ ጣልያናዊው አንቲኖሪ ከአንኮበር በታች ልጥ ማረፊያ ሰፍሮ ወፍና እንስሳ ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 በፈረንጅ እዛው ነው ያረፈው። አሁን የሚመጡት በብዛት ለአንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ነው፣ አንኮበር ሴሪን ይሏታል፣ እሷም በፈረንጅ በ1976 ነው በሳይንስ የታወቀችው፣ ስም የወጣላት በ1979፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለችም። ስራውን እንደጀመርኩ አንድ ቀን ገደሉ ጫፍ ላይ ሌላ ቡናማ ወፍ አየሁና ለእንግዶቼ "ይቻት!" ብዬ አሳየሁ። አንዲት ሸምገል ያሉ ሴትዮ በመነጽራቸው ረጋ ብለው አይተው "ማጅራቷን ተመልከት" አሉኝ። የአንኮበሯ ወፍ ማጅራቷ ላይ ነጣ ያለ ምልክት አላት፣ ያሳየኋቸው ላይ ያ አልነበረም። በጣም ነው ያፈርኩት፣ ከዛ ቀን ወዲህ ግን ወፍ ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ማጅራት ላይ ነው፣ ያንቺዋም ወፍ ቁልፏ እዛው ነው ያለው።

ከቀለም በፊት ግን ቦታ ነው። ኡባቱባ ያለችው አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ሳኦ ፓውሎ ግዛት ውስጥ ነው። ፓራዳይዝ ታናጀር ደሞ የአማዞን ተፋሰስ ወፍ ናት፣ ከቬንዝዌላና ከኮሎምቢያ ተነስታ እስከ ቦሊቪያ ድረስ አለች፣ ወደዛ ባህር ዳርቻ ግን አትደርስም። ወንድና ሴቷም ያው አንድ አይነት መልክ ናቸው፣ ስለዚ በጾታ የመጣ ልዩነት አይደለም። (የሳይንስ ስሟ ቺሌንሲስ ነው፣ የቺሌዋ እንደማለት፣ ቺሌ ውስጥ ግን የለችም፣ ስሙ ሲወጣ ነው የተሳሳቱት።)

እህትሽ የሄደችበትን ቦታ እንዲህ አስቢው። ከደብረ ብርሃን ተነስተሽ ጣርማበር ደርሰሽ ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ አገሩ በአንዴ ተቆርጦ ይወርድ የለ፣ ጭጋጉ ከቆላ እየወጣ ገደሉ ላይ ይተኛ የለ፣ ሳኦ ፓውሎም ከተማው ከፍታ ላይ ነው፣ ወደ ባህሩ ሲኬድ ሴራ ዶ ማር የሚባል ተራራ አለ፣ ገደሉን ጨርሰሽ ባህሩ ዳር ትወርጃለሽ፣ ከባህሩ የሚመጣው እርጥበት ተራራው ላይ ጭጋግና ዝናብ ስለሚሆን ጫካው ድቅድቅ ያለ ነው። የአትላንቲክ ጫካ ይባላል። ከአማዞን ጋር በሰፊ ደረቅ አገር የተለያየ ስለሆነ የራሱ ብቻ የሆኑ ብዙ ወፎች አሉት።

ከነዚህ አንዷ ናት ያንቺ ወፍ። በእንግሊዝኛ ግሪን-ሄድድ ታናጀር ይሏታል፣ አረንጓዴ ራሷ ታናጀር ማለት ነው፣ በሳይንስ ታንጋራ ሴሌዶን። የምትኖረው ደቡብ ምስራቅ ብራዚል፣ ምስራቅ ፓራጓይና የአርጀንቲና ሰሜን ምስራቅ ጥግ ብቻ ነው። ርዝመቷ 13 ሴንቲሜትር ግድም። ያ ሎሚ የመሰለው ማጅራት፣ ከሱ ስር ጥቁር ጀርባ፣ ሰማያዊ ደረት፣ አረንጓዴ ሆድ፣ ሁሉም ልክ አንቺ እንዳልሽው ነው። የተደበቀብሽ ወገቧ ደሞ ብርቱካናማ ነው፣ የደመቀ ብርቱካናማ፣ ቀይ አይደለም። ጅራቷ ጥቁር ሆኖ ጠርዙ አረንጓዴ።

እዛው ጫካ ውስጥ የምትመስላት አለች፣ ሬድ-ኔክድ ታናጀር የምትባል፣ እሷ ግን አናቷ ሰማያዊ ሆኖ ጉንጯና ማጅራቷ ቀይ ነው፣ ቀይ ሻርፕ የጠመጠመች ነው የምትመስለው፣ ሆዷም አረንጓዴ ነው። ፎቶሽ ላይ ማጅራቷ ቀይ ስላልሆነ እሷ አይደለችም።

ራስሽ እንድታረጋግጪ ሜርሊን የሚባል ነጻ አፕ አለ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ላብራቶሪ የሰራው ነው፣ አውርጂና የብራዚልን የወፍ ጥቅል ጫኚ፣ አንዴ ከጫንሽው ኢንተርኔት ባይኖርም ይሰራል። ፎቶውን ስታስገቢ የት እንደተነሳ ይጠይቅሻል፣ እዛ ላይ ደብረ ብርሃን ብለሽ እንዳታስገቢ፣ ኡባቱባ በይው። ጎግል ሶስት ስም የሰጠሽ ቦታውን ስላላወቀ ነው።


ሸዋሮቢት_12፦

ጋሼ በጣም ነው ማመሰግነው፣ እኔ ሁለት አመት ሙሉ ስክሪኔ ላይ ሳያት ማጅራቷን አንድ ቀን አስተውዬው አላውቅም። እህቴ ይቅርታ፣ ክሩን ሳትጀምሪው ስለደረሱልሽ ደስ ብሎኛል።


የሾላገበያው፦

ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ ይቺን ነገር ሳነብ ፍላጎት አደረብኝና ፈለግኩ፣ ብራዚሎቹ አንዷን ወፍ "ሰባት ቀለም" ይሏታል የሚል አየሁ፣ ከዛ በእንግሊዝኛ ሰቨን ከለርድ ታናጀር ብዬ ስፈልግ የመጣልኝ ሌላ ወፍ ነው፣ ራሷ ውሃ ሰማያዊ ወገቧም ብርቱካናማ ግን ሆዷ ጥልቅ ሰማያዊ ነው እንጂ አረንጓዴ የለውም፣ ማጅራቷም እንደ ራሷ ነው፣ ቢጫ የለውም። የትኛዋ ናት ባለ ሰባት ቀለሟ? እህታችን በዚህ ስም ፈልጋ የተሳሳተችውን እንዳትጠልፍ ብዬ ነው።


አንኮበር_ገደል፦

ልጄ ጥሩ ቦታ ነው የነካኸው፣ እዚ ላይ ፈረንጆቹም ይሳሳታሉ።

ሁለቱም ናቸው፣ በሁለት ቋንቋ። ኡባቱባ ያለ ሰው በፖርቱጋልኛ ሳኢራ ሴቺ ኮሪስ ሲልህ፣ ሰባት ቀለሟ ሳኢራ ማለቱ ነው፣ የሚያወራው ስለ አረንጓዴ ራሷ፣ ስለዚች ስለእህታችን ወፍ ነው። እንግሊዝኛው ሰቨን ከለርድ ሲል ግን ሌላ ወፍ ነው፣ እሷን ብራዚሎቹ ፒንቶር ቬርዳዴይሮ ይሏታል፣ እውነተኛው ቀለም ቀቢ እንደማለት። እሷ ያለችው ሰሜን ምስራቅ ብራዚል ፔርናምቡኮና አላጎአስ አካባቢ ነው፣ ከሳኦ ፓውሎ ከ2,000 ኪሎሜትር በላይ ይርቃል። ጫካዋ ለሸንኮራ አገዳ እየተመነጠረ፣ እሷም ሽቦ ቤት ውስጥ ለማኖር እየተያዘች ስለተሸጠች ቁጥሯ ቀንሶ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት ናት። የኡባቱባዋ ግን እንደዛ አልሆነችም፣ በጫካዋ ውስጥ በመንጋ እየሄደች ከሌሎች ወፎች ጋር ተቀላቅላ ስትበላ በብዛት ትታያለች።

ልዩነቱን አንተው ራስህ ተናግረኸዋል፣ ማጅራትና ሆድ። ማጅራቷ ሎሚ ሆዷ አረንጓዴ ከሆነ የሳኦ ፓውሎዋ፣ ማጅራቷ እንደ ራሷ ሆዷ ጥልቅ ሰማያዊ ከሆነ የሰሜኗ። ልጄ ጥልፍ፣ ስትፈልጊ በሳይንስ ስሟ ፈልጊ፣ ታንጋራ ሴሌዶን ብለሽ፣ እሱ በየትም አገር አንድ ነው። ዊኪአቬስ የሚባል የብራዚሎች ድረ ገጽም አለ፣ ሰዎች ያነሱትን ፎቶ በየከተማው ነው የሚያስቀምጡት፣ ኡባቱባ ብለሽ ብትገቢ ከሁሉም አቅጣጫ ታያታለሽ።


ጥልፍ_ደብረብርሃን፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎ። ሜርሊንን ጫንኩት፣ እርስዎ ያሉትን ስም ነው የሰጠኝ። ዊኪአቬስ ላይም ገብቼ ወገቧን አየሁት፣ ብርቱካኑ እንዴት ያምራል! ለሶስት ቀን ስጨነቅበት የነበረው ቦታ ያ ነበር ለካ።

ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ስሟ አረንጓዴ ራሷ ነው፣ የእህቴ ፎቶ ላይ ግን ራሷ ሰማያዊ ነው፣ ድረ ገጹ ላይ ደሞ አንዱ ፎቶ ላይ አረንጓዴ አንዱ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ነው ያየሁት፣ አንዷን ወፍ ራሷን ሁለት ጊዜ ያነሷት ላይ እንኳን ይለያያል። ክር ደሞ አንድ ቀለም ነው፣ የትኛውን ልያዝ?


መምህር_መሐልሜዳ፦

ሰላም እህቴ፣ እዚ ላይ እኔ ልግባ። መሐል ሜዳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ይሄን ጥያቄሽን ሰኞ ለተማሪዎቼ አቀርበዋለሁ።

አንቺ ክር ስትገዢ ሰማያዊው ክር የተነከረ ነው አይደል፣ ማቅለሚያው ክሩ ውስጥ ገብቷል፣ የትም ብትወስጂው ሰማያዊ ነው። የወፍ ላባ ሰማያዊ ግን እንደዛ አይደለም፣ ላባው ውስጥ ሰማያዊ ማቅለሚያ የሚባል ነገር የለም። ላባ የተሰራው ኬራቲን ከሚባል ነገር ነው፣ ጥፍራችንም ፀጉራችንም የተሰራው ከሱ ዘር ነው፣ እና በሰማያዊ ላባ ውስጥ ይሄ ኬራቲን እንደ ስፖንጅ በጣም በጣም ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት፣ በዓይን ቀርቶ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አይታይም። ብርሃን ሲገባበት ሰማያዊውን ክፍል መልሶ ወደኛ ይበትነዋል፣ ሌላው ውስጥ ይቀራል። ላባውን ድቅቅ አድርገሽ ብትፈጪው ቀዳዳው ስለሚፈርስ ሰማያዊው ይጠፋና ቡናማ ወይ ግራጫ ዱቄት ይሆንብሻል።

ቢጫውና ብርቱካናማው የተለየ ነው፣ እሱ እውነተኛ ማቅለሚያ ነው፣ ካሮቲኖይድ ይባላል፣ ካሮትን ካሮት ያስመሰለው፣ በርበሬንም የሚያቀላው የዚሁ ወገን ነው፣ ወፏ ራሷ አትሰራውም፣ ከምትበላው ፍራፍሬና ነፍሳት ነው የምታገኘው። አረንጓዴው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱ ድብልቅ ነው፣ ስፖንጁ ሰማያዊ ይሰጣል ከላዩ ቢጫ ማቅለሚያ አለ፣ አብረው ሲታዩ አረንጓዴ። ስለዚ የዚች ወፍ ራስ ብርሃኑ ከየት መጣ፣ ፀሐይ ነው ጥላ፣ ካሜራውስ እንዴት አየው በሚለው ወደ ሰማያዊም ወደ አረንጓዴም ያደላል፣ ሁሉም ፎቶ እውነት ነው።

ይሄን ለክፍሌ ሳስረዳ ግን ሁሌ የኛን ወፍ ነው የምጠራው፣ ምክንያቱም የኛዋ ተቃራኒ ናት። ወፍ ዋሻ ጫካ ገብታችሁ ካወቃችሁ ጥዱ ላይ የምትዘለውን ረጅም ጅራት ያላትን አረንጓዴ ወፍ ታውቋታላችሁ፣ ጉንጯ ላይ ነጭ አለባት፣ ስትቀመጥ አረንጓዴ ሆና ስትበር ክንፏ ውስጥ ያለው ደም የመሰለ ቀይ ብልጭ ይላል፣ ሶሪት የምንላት። የሷ አረንጓዴም ቀይም የተነከረ ነው፣ እንደ ክርሽ እውነተኛ ማቅለሚያ ነው፣ ቀዩ መዳብ ያለበት ነው፣ መዳብ ስል ድስት የሚሰራበት መዳብ። በዓለም ላይ ካሉ ወፎች እንዲህ አይነት በመዳብ የተሰራ ቀለም ያላቸው የሶሪት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው፣ እነሱም አፍሪካ ውስጥ ብቻ ነው ያሉት። ታናጀሮች ደሞ አሜሪካ ብቻ ናቸው፣ እዚ አንድም የለም። እና እህትሽ ጨርቁ ካገሬ ይሁን ስላለችሽ እኔን ብትጠይቂኝ በአንዱ ጥግ ላይ ሶሪትን ትንሽ አድርገሽ ብትጨምሪያት ደስ ይለኛል፣ ይሄ ግን የኔ ምኞት ነው፣ ስራው ያንቺ ነው።


የሾላገበያው፦

መምህር እናመሰግናለን፣ ሶሪት ክንፍ ውስጥ መዳብ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፣ ልጅ ሆነን ደብረ ሲና ዘመድ ጋ ስንሄድ በወንጭፍ እናባርራት ነበር፣ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።


ባለጋራዥ_ደብረሲና፦

የሚገርም ነገር ነው። እንግዲህ እህቷ ስትመጣ አንድ ወንድ አንድ ሴት ይዛ ብትመጣ ወፍ ዋሻ ቢለቀቁ ይራቡ ነበር እኮ፣ ጫካውም ጭጋጉም አለ፣ አገሩ ይመሳሰላል አላችሁ። ቤትም ውስጥ ቢሆን ሽቦ ቤት ውስጥ ሆና ስትዘፍን ማየት ደስ ይላል። ይቻላል?


አንኮበር_ገደል፦

ወንድሜ ፍቅርህ ገብቶኛል፣ ግን አይሆንም፣ ደግሞም አይገባም። በብራዚል በፈረንጅ ከ1998 ጀምሮ ባለው የአካባቢ ጥበቃ ወንጀል ህግ የዱር ወፍ ያለፈቃድ መያዝም መሸጥም ማጓጓዝም ያስቀጣል፣ ነፍሰጡር ሴት ኤርፖርት ላይ በዚህ እንድትያዝ አትፈልግም። ገደሉን ከጣርማበር ጋር ያመሳሰልኩት መልክዓ ምድሩን እንድታዩት ብዬ ነው እንጂ ያኛው ጫካ ከባህሩ ጫፍ ነው የሚጀምረው፣ ሙቀት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ፍሬ ነው፣ ወፍ ዋሻ ለሊቱን ታውቀዋለህ። እንደዛም ባይሆን ከሌላ አህጉር የመጣ ወፍ መልቀቅ ማለት በሽታውንም ሽሚያውንም ለኛዎቹ ማምጣት ነው፣ እኛ ደሞ ሌላ ቦታ የሌሉ ወፎች ነው ያሉን።

ዝማሬዋንም ብለህ ከሆነ ታናጀሮች በሳይንስ ከዘማሪ ወፎች ነው የሚመደቡት፣ የዚች ግን ቀጭን ጪጪታ ነው፣ በዝማሬ ታዋቂ አይደለችም። ለዝማሬ ከሆነ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤትህ ጓሮ ውጣና አዳምጥ።


ጥልፍ_ደብረብርሃን፦

ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ፣ መብራት ጠፍቶብን ነበር። ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ።

እህቴ ያደሩበት ቤት ባለቤቶች ጋ ደውላ ጠየቀቻቸው፣ ሴትየዋ ገና ፎቶውን ሳታይ በቃል ስትነግራት "ሳኢራ ሴቺ ኮሪስ!" አለች አሉ፣ ልክ ጋሼ እንዳሉት። ከዛ ባልየው ከዚህ በፊት ያነሳቸውን ሁለት ፎቶ ላከልን፣ በአንዱ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ጎንበስ ብላ ሙዝ ስትበላ ነው፣ ብርቱካኑ ወገብ ሙሉ በሙሉ ይታያል። እህቴ ስልክ ላይ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከሷ አገር የሆነ ሰው ለማያውቀኝ ለኔ ፎቶ ፈልጎ መላኩ ይመስለኛል።

ራሷን በተመለከተ መምህር ያሉትን አስቤ እንዲህ አደረግኩ። የጥልፍ ክሩ ስድስት ዘለላ ነው፣ ሶስቱን ከውሃ ሰማያዊው ሶስቱን ከአረንጓዴው አውጥቼ አንድ መርፌ ላይ አብሬ አስገባኋቸው። ጠልፌ ስጨርስ ጨርቁን መስኮት ጋ ሳደርገው አረንጓዴ፣ ወደ ውስጥ ሳመጣው ሰማያዊ ይመስላል። እናቴ ወስዳ እያገላበጠች ስታየው ነው የዋለችው። መጀመሪያ ግን በአንድ ሰማያዊ ብቻ ጀምሬ ግማሹን ፈትቼዋለሁ፣ የሞተ ነው የሚመስለው።

ሶሪትንም እጨምራለሁ፣ ግን ወፍ ዋሻ ሄጄ በዓይኔ ሳላያት አይሆንም፣ ለጥቅምት አስቤያለሁ።

የቀረኝ ሶስት ነገር ነው ጋሼ። ምንቃሯና እግሯ ምን አይነት ነው፣ ፎቶው ላይ ሙዝ ለድፎበታል። ደሞ እህቴ ሁለት ወፍ ይሁኑ ትላለች፣ ወንድና ሴት፣ ሴቷ እንዴት ትለያለች? ሶስተኛ ጫጩቷን ብጨምር ምን ትመስላለች?


አንኮበር_ገደል፦

ልጄ ሁለት ክር በአንድ መርፌ ማድረግሽን ሳነብ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ምንቃሯ ጥቁር ነው፣ አጭርና ጠንከር ያለ፣ ጫፉ ትንሽ ሾል ያለ፣ አበባ እንደምትመጥ ወፍ ረጅምና ቀጭን እንዳታደርጊው፣ ፍሬ የምትገምጥ ናት። እግሯ ጠቆር ያለ ግራጫ ነው፣ ቀጭን፣ ሶስት ጣት ወደፊት አንድ ወደኋላ፣ ቅርንጫፉን ጨብጣ አሳያት። ዓይኗ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ዙሪያውን ሌላ ቀለም አታድርጊበት።

ሴቷ እንደ ወንዱ ያው ሰባቱንም ቀለም አላት ግን ደብዘዝ ትላለች፣ ስለዚ ያንኑ ክር ይዘሽ አንዱን ዘለላ ቀንሺና አሳሳው፣ ወይ አረንጓዴውን ከሰማያዊው አብዢው። ጫጩቷ በጠቅላላ አረንጓዴ የሚበዛባትና ቀለሟ ገና ያልደመቀ ናት፣ ወገቧ ላይ ያለው ብርቱካንም ገና ነው፣ እዛ ቦታ ላይ ብርቱካኑን ተይውና ፈዘዝ ያለ ቢጫማ አረንጓዴ አድርጊበት።

ወፍ ዋሻ የምትሄጂ ከሆነ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሺ፣ ቀን ላይ ሶሪት ዝም ትላለች። ከደብረ ሲና በኩል ከሆነ የምትመጪው ቀኑን አስቀድመሽ ንገሪኝ፣ ጠብቄሽ አብረን እንገባለን፣ መነጽርም አለኝ።